ዊንተሩን ማን ይውሰድ

ማቲ ከሎንዶን ሲደውል ሊያ መኪናው ውስጥ አልነበረችም። የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት ልታወጣ ፋርማሲ ገብታለች። ቶሎ እመጣለሁ ብላ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ እናቷን ሙቀት እንዳያገኛቸው ኤሲውን ከፍታ፣ ስልኳንም ቻርጅ ላይ እንደሰካችው ነበር የወረደችው። እትዬ ሮማነወርቅ ቀበቷቸውን እንዳሰሩ ከፊት ወንበር ተቀምጠው የሚወጣ የሚገባውን ያያሉ። የመኪናው ስክሪን ላይ የልጃቸው ስም ሲበራ ፊታቸውም አብሮ በራ። ማቲ በሳምንት አንዴ፣ ያውም እሑድ ማታ እንጂ ቅዳሜ ጠዋት ደውሎ አያውቅም። አረንጓዴዋን ምልክት መጫን የልጅ ልጃቸው ራኬብ አስተምራቸው ነበርና ጫኗት። «ማቲዬ» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ የልጃቸው ድምፅ ቀድሟቸው መኪናውን ሞላው።

«ሊያ፣ ሀኒንም አስገብቻታለሁ፣ መስመር ላይ ናት። ቶሎ ልንገርሽ፣ ሥራ ልገባ ነው። እማዬን ሰመሩን እወስዳታለሁ ብያለሁ፣ እወስዳታለሁ፣ ቃሌ ቃል ነው። ዊንተሩን ግን አልችልም። ሁለቱንም ወቅት እኔ ላይ መጫንሽ ፌር አይደለም።»

«እኔም እኮ እምቢ አላልኩም» አለች ሀኒ ከሮም። የሮማነወርቅ ሟች እህት ልጅ ናት። «ስፕሪንጉን ወስጃለሁ። ከዚያ በላይ ብፈልግም ሕጉ ከሦስት ወር አያሳልፋትም። ለይኩንስ? ስዊድን ቤቱ ሰፊ አይደል እንዴ?»

«ለይኩን ፎሉን የተቀበለው በስንት ልመና ነው! የእማዬ የአክስት ልጅ እኮ ነው፣ ከዚህ በላይ ምን ይጠየቃል?»

«ታዲያ ለምን ዊንተሩን ተመልሳ እዚያው ሊያ ጋ አትከርምም?»

«ራኬብ ናታ! ልጅቷ አደገች፤ ክፍሌን ለብቻዬ ካልሰጣችሁኝ ብላ ቤቱን አምሳዋለች። ሊያ ምን ታድርግ? እስከዚያ ለሲኒየር አፓርትመንት፣ ለአረጋውያኑ ቤት፣ አስመዝግባታለች፣ ወረፋው ከደረሰ ደረሰ፣ ካልደረሰም ያኔ እናያለን። ሊያ? ሊያ ትሰሚኛለሽ? … ሄሎ? መስመሩ ሄደ መሰለኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ስክሪኑ ላይ ካርታው ተመለሰ፤ እሳቸው ያሉበት ቦታ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ትታያለች። ሮማነወርቅ ቀዝቃዛው አየር ጉልበታቸው ላይ ሲነፍስ ተሰማቸውና ነጠላቸውን ወደ ታች ጎተት አደረጉት። ሊያ የመድኃኒቱን ከረጢት ይዛ እየሮጠች መጥታ ገባችና «ሰልፉ እኮ አያልቅም፣ ቆየሁብሽ አይደል?» አለቻቸው። «የለም፣ ምንም አልቆየሽም» አሉ። ሊያ ወደ ኋላ እያየች ከፓርኪንጉ ወጣች። እሳቸው የልጃቸውን እጆች መሪው ላይ ሲዞሩ አዩ። ቀጫጭን ናቸው፤ በምትሠራበት ሆስፒታል በየደቂቃው ከመታጠብ ብዛት ቆዳቸው ተሰነጣጥቋል።

የጉዞው ሐሳብ የተነሳው በገና ዕለት ነበር። ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ሊያ ታብሌቷን ጠረጴዛው ላይ አቁማ የአውሮፓን ካርታ ከፈተችና «እማዬ፣ ይሄ የአንቺ ስጦታ ነው» አለች። ስፕሪንጉን ሮም ሀኒ ጋ፤ ያኔ አደባባዩ ሁሉ አበባ ነው። ሰመሩን ሎንዶን ማቲ ጋ፤ ፀሐይዋ እስከ ማታ ድረስ አትጠልቅም፣ ሰው ሁሉ ፓርክ ውስጥ ነው የሚውለው። ፎሉን፣ የቅጠል መርገፊያውን፣ ስቶክሆልም ለይኩን ጋ፤ ቅጠሉ ወርቅ ይመስላል። ከዚያ ዊንተሩን ወደ ሎንዶን ተመልሰው የፈረንጆቹን ገና መብራት አይተው፣ በረዶም ከጣለ በረዶ አይተው። «ዕድሜሽን ሙሉ ለእኛ ስትሮጪ የት ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለቻቸው ሊያ። እውነቷን ነው። ሎስ አንጀለስ ከመጡ ጀምሮ ከዌስት አዳምስ ቤታቸው ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን የአበሾቹ ሰፈር ፌርፋክስ፣ ከፌርፋክስ ሐኪም ቤት ነው የሚያውቁት። ወቅት የሚባል ነገርም ረስተዋል፤ እዚህ አገር ዘንባባው ዓመቱን ሙሉ ያው ነው፣ ሰማዩም ያው ነው፣ ሹራብ የሚያስለብሰውም ማታ ማታ ብቻ ነው። ያን ቀን ሮማነወርቅ አለቀሱ። ከዚያ ወዲያ ያላወሩለት ሰው የለም። ቅዳሴ ሲወጣ ግቢው ውስጥ ሴቶቹን ሰብስበው ስለ ሮም ዝናብና ስለ ስዊድን ቅጠል ያስረዳሉ። ሚድ ዊልሻየር ካለ መደብር ውስጡ ፀጉር ያለው ቦት ጫማ ቅናሽ ላይ አግኝተው ገዝተዋል፤ ቤት ውስጥ ምንጣፉ ላይ እየተራመዱ እግራቸውን አለማመዱበት። ሀኒ ስልክ ላይ ነገር የምታሳጥረው፣ ማቲ «እናያለና እማዬ» የሚለው ሥራ በዝቶባቸው ነው ብለው ነበር።

ፌርፋክስ ቅዳሜ ቦታ አይገኝም። ሊያ ብሎኩን ሁለቴ ዞራ ፓርክ አደረገች። የአቶ ሰይፈሥላሴ ቲኬት ቢሮ ከምግብ ቤት በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ ስለሆነ እናትና ልጅ ጎን ለጎን መውጣት አይችሉም። ሊያ ከኋላ ሆና ወገባቸውን ደገፍ አደረገቻቸው። ቢሮው አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ቀለሙ የለቀቀ የአውሮፕላን ፖስተርና ድምፁ ዝቅ ያለ ራዲዮ ነው። ከታች የጾም ወጥ ሽታ በመስኮቱ ይገባል።

«እትዬ ሮማነወርቅ!» አለ ሰይፈሥላሴ ከወንበሩ ተነስቶ። «እርስዎማ የንግሥት ጉዞ ነው የሚጓዙት። ስንቱን ሰው አገር ቤት ላክሁ፣ ስንቱን ላስ ቬጋስ ላክሁ፣ አራት ወቅት አውሮፓ የሚዞር ግን ከእርስዎ በቀር አላየሁም።»

ስክሪኑን ወደ እነሱ አዙሮ መንገዱን አንድ በአንድ አነበበላቸው። ከፋሲካ በኋላ ሮም። ከዚያ ሎንዶን። መስከረም ላይ ስቶክሆልም። ታኅሣሥ ላይ እንደገና ሎንዶን። ሻንጣ ሁለት ይፈቀዳል፣ ዊልቸር ይታዘዝላቸዋል፣ ወንበሩ ከመተላለፊያው በኩል ይሆናል። ሮማነወርቅ እያንዳንዱ ከተማ ሲጠራ አንገታቸውን ነቀነቁ። ትናንት ቢሆን የሮሙን ዝናብ፣ የሎንዶኑን ጃንጥላ ይጠይቁት ነበር። አሁን የሚሰማቸው ሌላ ነው፤ ሮም ሲል ሀኒ፣ ሎንዶን ሲል ማቲ፣ ስቶክሆልም ሲል በስንት ልመና የተቀበለው ለይኩን።

«መመለሻውን መቼ ላድርግላችሁ?»

«ክፍት ማድረግ አይቻልም?» አለች ሊያ።

«ክፍት የሚባል ነገር ቀረ እኮ። ደግሞ ኤርፖርት ላይም መቼ ነው የምትመለሱት ብለው ይጠይቋቸዋል፣ ቀን ያስፈልጋል።»

«ኦኬ፣ ሶ የሩቅ ቀን አድርገው። ሲስተሙ እስከፈቀደ ድረስ የመጨረሻውን። ይቀየራል አይደል?»

«በክፍያ ይቀየራል።»

ሮማነወርቅ ልጃቸውን ከጎን አዩዋት። ሊያ ስክሪኑን እንጂ እሳቸውን አላየችም። ጉሮሯቸውን ጠራርገው «ሰይፉ» አሉ፤ «ስዊድንን ከጨረስኩ በኋላ በቀጥታ ወደዚህ ብመለስስ? ዊንተሩን ቤቴ ብከርም?»

ሰይፈሥላሴ እጁ ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀና ብሎ ሊያን አያት። ሊያ ሳቀች፤ አጭር፣ ጥርስ ብቻ የሆነ ሳቅ። «እማዬ ደግሞ! ዊንተሩን እኮ ነው ከሁሉም በላይ ስትጓጊለት የነበረው። በረዶ ሳታዪ ልትመለሺ? ቦት ጫማሽንስ?»

«እውነትሽን ነው» አሉ ሮማነወርቅ። «ረሳሁት።»

ሰይፈሥላሴ ዋጋው ከፍ ዝቅ ስለሚል ማምሻውን ቢሮውን እስኪዘጋ ድረስ ይዞ እንደሚያቆይላቸው፣ ስልክ ደውለው ቲኬቱን ቁረጥ ካሉት እንደሚቆርጠው ነገራቸው። ሊያ እስከዚያ ከባሏ ከጌታሁን ጋር ተነጋግራ እንደምትደውል ተናገረች። ጌታሁን ሎንግ ቢች ወደብ ላይ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜም አይቀርለትም። ሲወጡ ሰይፈሥላሴ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኛቸውና «የልጅ በረከት ማለት ይሄ ነው» አላቸው።

ሊያ መኪና ውስጥ ልጠብቅሽ ስላለች ሮማነወርቅ የሙሉዬ ቅመም ቤት ብቻቸውን ገቡ። ለየቤቱ የሚወስዱትን በርበሬና ሚጥሚጣ አዘው ነበር። ለሀኒ፣ ለማቲ፣ ለለይኩን፤ እጃቸውን እያወዛወዙ ሰው ቤት መግባት አይሆንላቸውም። ሙሉዬ ከእሳቸው በጥቂት ዓመት ታንሳለች፤ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጇ ሲያትል ነው። ገና ከበሩ ስታያቸው ሚዛኑን ትታ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። ወደ ቤተ ክርስቲያን አብረው የሚሄዱ፣ መድኃኒት ሲረሳቸው የሚያስታውሱ፣ አንዷ በሌላዋ ቀብር ላይ የምትቆም ወዳጆች ናቸው። ሮማነወርቅ የሆዳቸውን የሚነግሩት ሰው ቢኖር እሷ ነበረች። መደብሩ ውስጥ ለጊዜው ሰው አልነበረም። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸውና ፊታቸውን ትኩር ብላ እያየች «ምነው፣ ደከመሽ?» አለቻቸው።

«ሙሉዬ» አሉ። ሊቀጥሉ ሲሉ በሩ ተከፍቶ አንዲት ወጣት ሴት ከነባሏ ገባች። ሙሉዬ ወዲያው ወደ እነሱ ዞራ፣ እጇን ሮማነወርቅ ትከሻ ላይ አድርጋ «እኚህን እናት ታውቋቸዋላችሁ?» አለች፤ «ልጆቻቸው አራት ወቅት አውሮፓ ሊያዞሯቸው ነው። ሮም፣ ሎንዶን፣ ስዊድን። የኔው የሲያትሉ ጌታ እንኳን ሊያዞረኝ ለገና አልደወለልኝም። ልጅ ከወለዱ እንዲህ ነው!» ወጣቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «እንዴት ደስ ይላል እትዬ! እናቴ ብትሰማ ምን ትለኝ ይሆን» አለች። ሁሉም ያዩዋቸዋል፣ ፈገግ ብለው ይጠብቃሉ።

ሮማነወርቅ ቀና አሉ። «አዎ» አሉ፤ «ልጆቼ እኮ ተሻሙብኝ። እኔ ነኝ የምወስዳት፣ እኔ ነኝ የምወስዳት እየተባባሉ ተጣልተው ነው ይሄ ሁሉ የሆነው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሙሉዬ አንዱን የበርበሬ ከረጢት አላስከፍልም አለች፤ በምትኩ በረዶ ላይ ቆመሽ ፎቶ ላኪልኝ ብላ አስማለቻቸው። ሮማነወርቅ ማሉ። ከረጢቶቹን ታቅፈው ሲወጡ መኪናው ውስጥ ሊያን በመስታወቱ አዩዋት። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታወራለች፤ ከዚያ ማውራቱን አቆመች፣ አፏ ግን እንደተከፈተ ቀረ። ቀስ ብላ ዞራ ወደ ቅመም ቤቱ በር ተመለከተች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሊያ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደችው።

ወርዳ በሩን ከፈተችላቸው፣ ከረጢቶቹን ተቀብላ ከኋላ አስቀመጠች፣ ቀበቶውን አሰረችላቸው። ፌርፋክስን ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ዌስት አዳምስ ድራይቭ አደረገች። የበርበሬው ሽታ መኪናውን ሞልቶታል። ፍሪዌዩን እንዳለፉ ቀይ መብራት ላይ ቆማ «እማዬ» አለች።

«እ?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋ። «ኤሲው በዛብሽ?»

«ደኅና ነው።»

የሚኖሩበት ቤት አሮጌ ነው፤ ወለሉ ሲረገጥ ይጮኻል፣ መኝታ ቤቱ ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የሊያና የጌታሁን፣ ሌላው የራኬብና የአያቷ። ኪራዩ በየዓመቱ ይጨምራል፤ ሦስት መኝታ ያለው ለመፈለግ ተነሳስተው ዋጋውን እያዩ ነው የተውት። ሮማነወርቅ ከረጢቶቹን ለሊያ ትተው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ሁለቱ አልጋ መሃል አንድ ሰው ተንበርክኮ የሚጸልይበት ያህል ቦታ ነው ያለው። በአንዱ በኩል የእመቤታችን ሥዕልና የመድኃኒት ብልቃጦች፣ በሌላው የራኬብ ፖስተሮች፣ መጻሕፍት፣ ያልታጠፈ ልብስ። ልጅቷ በሆዷ ተኝታ ላፕቶፕ ላይ የትምህርት ቤት ሥራ ትሠራለች። ሄድፎኗን አወለቀችና አያቷን አየቻቸው። ሮማነወርቅ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ማውለቅ አቃታቸው። ራኬብ ወርዳ ተንበረከከችና አወለቀችላቸው።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? ግን አትቆጪ። ሪሊ መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«ምነው?»

«ማሚ ኮ ኧ … ላይክ፣ አያትሽ እዚህ ሰልችቷታል አለችኝ። በኛ ደክሟታል፣ የራሷን ላይፍ ትፈልጋለች አለችኝ። ሶ አትሂጂ ብዬ እንዳላስቸግርሽ ነገረችኝ።» የጫማውን ክር በጣቷ እያጠማዘዘች ነው። «እኔ ደክሞሽ አልመሰለኝም ነበር።»

ሮማነወርቅ የልጅቷን አናት፣ መሃሉን የተከፈለውን ፀጉር ከላይ አዩት። «አንቺስ ክፍሉ አይጠብሽም?» አሉ። «ትልቅ ሴት ሆነሻል። እኔ ስሄድ ላንቺ ይሰፋሻል።»

«ምኑ? እኔ ክፍል አልጠየቅኩም!» ራኬብ ቀና አለች። «ማን እንደዛ አለሽ? ኦኬ፣ ስታንኮራፊ አንዳንዴ ይደብረኛል፣ ባት ሄድፎን አለኝ። ብቻዬን ተኝቼ እኮ አላውቅም እማማ። አንቺ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ሪትሪት የሄድሽ ጊዜ መብራት አብርቼ ነው የተኛሁት።»

ሮማነወርቅ በክፍሉ በር በኩል ጥላ አዩ፤ ወለሉ አልጮኸም፣ ሊያ ግን ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ በልባቸው የዞረው ሁሉ፣ ልጅቷ ላይ የያዙት ቂም፣ አሁን የት እንደሚያርፍ አጣ። የራኬብን አገጭ በእጃቸው ያዙ።

«እኔ ነኝ የፈለግኩት» አሉ። «በናንተ ግን ደክሞኝ አይደለም። በረዶ ልይ ብዬ ነው። በዚህ ዕድሜዬ በረዶ ሳላይ ልሙት እንዴ?»

ራኬብ ፊታቸውን መረመረች። «ፕሮሚስ?»

«ፕሮሚስ።»

«ኦኬ። ግን በየቀኑ ቪዲዮ ኮል ታደርጊያለሽ።» ጉንጫቸውን ሳመችና ልትበላ ወደ ኩሽና ሄደች። በበሩ ስታልፍ እናቷን «እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት። ሊያ ገብታ ራኬብ አልጋ ላይ ከእናቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ጉልበታቸው ሊነካካ ጥቂት ነው የቀረው።

«ማቲ ነገረኝ» አለች። «ጠዋት ስልኩ ተነስቶ ማንም አላወራኝም አለኝ።»

«እሱስ ይሁን። ልጅቷን ለምን አስገባሻት? ክፍሌን ካልሰጣችሁኝ አለች ብለሽ?»

ሊያ እጆቿን ጉልበቷ መሃል ከተተች። ምንጣፉን እያየች «እኔ ነኝ ማለት ስላቃተኝ» አለች። «ጌታሁን ነው እንዳልል ጌታሁን አንድ ቀን ክፉ ተናግሮሽ አያውቅም። እኔ ነኝ እማዬ። እኔ ነኝ የደከመኝ። ቀን ሙሉ የታመመ ሰው አነሳለሁ፣ አጥባለሁ፣ መድኃኒት እቆጥራለሁ፤ ከዚያ እቤት ስመጣ ደግሞ ያንቺን ስኳር፣ ያንቺን ግፊት፣ ያንቺን ቀጠሮ። አንቺ አላስቸገርሽኝም፣ ምንም አላደረግሽም። ግን ማታ መኪናውን በር ላይ ካቆምኩ በኋላ ወዲያው አልገባም። ቁጭ እላለሁ። ልግባ እያልኩ እግሬ እምቢ ይለኛል።»

ሮማነወርቅ ይህን ያውቁታል። የመኪናው መብራት መስኮቱ ላይ ሲያርፍ ምግቧን ያሞቃሉ፤ መብራቱ ጠፍቶ ልጃቸው ስትዘገይባቸው የሥራ ስልክ ላይ ናት ብለው እንደገና ያሞቁታል። ስንት ማታ እንዲህ እንዳደረጉ መናገር ፈልገው ነበር፤ ተዉት።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ ልንገርሽ?» ሊያ ማልቀስ ጀመረች፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያናውጥ ለቅሶ ነው። «የት ልትሄጂ? ለዚህ ነው ነገሩን ጉዞ ያደረግኩት። ደስ እንዲልሽ። ስትደሰቺ ደግሞ እኔ ራሴ አመንኩት። አበባውን፣ ቅጠሉን ሳስረዳሽ የምዋሽ አልመሰለኝም።»

ኩሽና ውስጥ ራኬብ ሳህን ስታንቀሳቅስ ይሰማል። ሊያ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ቀና አለች። «እንተወው» አለች። «ለጋሽ ሰይፉ ደውዬ ቲኬቱ ይቅር እለዋለሁ። የትም አትሄጂም። እዚሁ ሁኚ እማዬ።»

ይህን ተናግራ ትንፋሿን ያዘች። ሮማነወርቅ አዩት። ትከሻዋ ከፍ ብሎ ቀርቷል፣ ጣቶቿ እርስ በርስ ተቆላልፈው ነጭ ሆነዋል፣ ዓይኖቿ እናቷ አፍ ላይ ተተክለዋል። እሺ የሚለው ቃል ምላሳቸው ላይ ነበር። እሺ ቢሉ ሊያ ታቅፋቸዋለች፣ ነገ ጠዋትም መድኃኒታቸውን ታቀርብላቸዋለች፣ ከሰኞ ጀምሮም መኪናው ውስጥ ትቀመጣለች።

«አይ» አሉ። «እሄዳለሁ። ስንት ሰው ሰምቷል። ማቲም እናቱን ለአንድ ዊንተር ቢያስጠጋ አይሞትም፤ እኔው እነግረዋለሁ።»

ሊያ ተነፈሰች። ረጅም ነበር፤ ከሆዷ የመጣ፣ ከወራት በፊት የተያዘ የሚመስል ትንፋሽ። ወዲያው እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ግን ወጥቷል። ሮማነወርቅ ሰሙት። ሊያም መስማታቸውን አወቀች፤ እናቷ እግር ስር ወድቃ ግንባሯን ጉልበታቸው ላይ ደፋች። ሮማነወርቅ ፀጉሯን ዳበሱ፣ ዳበሱ፣ መስኮቱ ላይ የነበረው ብርሃን ወደ ግድግዳው እስኪሻገር ዳበሱ። ከዚያ «ተነሽ» አሉ፤ «ሰውየው ቢሮውን ይዘጋል።»

ሊያ ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። አፍንጫዋን ጠራርጋ ደወለች። «ሄሎ፣ ጋሽ ሰይፉ» ስትል ድምጿ ተሰበረ። «አዎ። ቲኬቱን ቁረጠው። … መመለሻው? መመለሻው እንዳልኩህ የሩቁ ቀን ይሁን።» ከኩሽና ራኬብ «ማሚ፣ እያለቀስሽ ነው?» ብላ ስትጠራ፣ ሮማነወርቅ ባዶ እግራቸውን ተነስተው፣ ልጅቷ መጥታ ፊታቸውን ከማየቷ በፊት፣ የክፍሉን በር ከውስጥ ቀስ ብለው ዘጉት።